አድሏዊ፦ ለማን? በማን ላይ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው፤ «አድሏዊ» ስለሚባለው። ቅጽል ነው፤ ከስም ፊት ገብቶ ስሙን ይገልጻል። አድሏዊ ዳኛ፣ አድሏዊ ውሳኔ፣ አድሏዊ አሠራር እንላለን።

ቃሉን ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጨዋታ አልቆ ከስታዲየም የሚወጣውን ሰው ብታዳምጡ ዳኛው አድሏዊ ነበር ይላል። ውጤት ሲለጠፍ መምህሩ አድሏዊ ነው። የሥራ ዕድገት ሲወጣ አለቃው፣ በዕድር ስብሰባ ሊቀ መንበሩ፣ ዜና ሲነበብ ደግሞ ጣቢያው፤ እኛም አልቀረልንም። ከእነዚህ አቤቱታዎች እውነት የሆኑት ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ስድብ እየመሰለ መጥቷል። የተናደደ ይወረውረዋል፤ የተወረወረበትም «አንተ ራስህ!» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ መካከል የሚጎዳው በእውነት የተበደለው ሰው ነው፤ እሱ ጉዳዩን ይዞ ሲመጣ ሰሚው ቃሉን ከሰለቸ ቆይቷል።

ከሥሩ እንነሣ። በግእዝ «ደለወ» ማለት መዘነ ማለት ነው። የመመዘኛውን ዕቃ፣ ሚዛኑን፣ ግእዝ «መዳልው» ይለዋል። ከዚሁ ሥር «አድለወ» የሚል ግስ ይወጣል፤ ትርጉሙ ለአንዱ ወገን አዳላ፣ ፊት አይቶ ፈረደ ነው። «አድልዎ» የምንለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ መጨረሻው ላይ ቅጽል የሚያደርገውን ክፍል ስንጨምርበት «አድሏዊ» ይሆናል። አጻጻፉ ገና አልረጋም፤ «አድሎአዊ»፣ «አድልዎአዊ» እያሉ የሚጽፉም አሉ። ሬዲዮ ላይ ስለሆንን ለዛሬ ከዚህ ጣጣ ተርፈናል።

ዋናው ነገር ቃሉ ከሚዛን ጋር ከአንድ ቤት መውጣቱ ነው። ይህ ለጌጥ የሚነገር የቋንቋ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩ ነበር። ቃሉን ማን ላይ ማዋል እንዳለብን የሚነግረን ግን እሱው ነው፤ አድሏዊ ሊሆን የሚችለው ሚዛን የያዘ ሰው ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ ለጊዮርጊስ ቢጮህ፣ የቡና ደጋፊ ለቡና ቢያለቅስ አድሏዊ አይባልም፤ ማንም ሚዛን አልሰጠውማ! ፍርድ ቤት የቆመ ጠበቃም ለደንበኛው ብቻ ይከራከራል። ወገንተኛ ነው፤ ሥራውም ያ ነው፤ ለተቃራኒው ወገን ቢያስብ ኖሮ ደንበኛውን በከዳ ነበር። ከፊቱ የተቀመጠው ዳኛ ግን እንዲህ ቢያደርግ አድሏዊ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሚዛኑን ያስረከቡት ለእሱ ነውና። ወገንተኛና አድሏዊ የሚሉትን ቃላት እንደ አንድ የምንጠቀምባቸው ሰዎች ይህን ልዩነት እያጠፋነው ነው። ወገንተኛ ሰው ወገን አለው፤ አድሏዊ ሰው ግን ወገን እንዳይኖረው አደራ ተሰጥቶት አደራውን የበላ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። ወረፋ የሚያስጠብቀው ጥበቃ ሚዛን ይዟል። የቀበሌ ባለሙያው፣ ፈተና አራሚው፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ኮሚቴ፣ ሽምግልና የተቀመጠው አባት፣ ሁሉም ይዘዋል። እንጀራ ቆርሳ ለልጆቿ የምታከፋፍል እናትም ትይዛለች። ሚዛን መያዝ ከወንበሩ ትልቅነት ጋር አይያያዝም። ሌሎች ሰዎች «አንተ እይልን» ብለው የሰጡት ሁሉ ሚዛን ያዥ ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው ልውሰዳችሁ፤ አትሽሹኝ፤ አጭር ነው። «አደላ» ወይም «አዳላ» የሚለውን ግስ ስንጠቀም ከፊቱ የሚመጣው «ለ» ነው። ለልጁ አዳላ። ለአገሩ ልጅ አዳላች። ዳኛው ለባለሜዳው አዳላ። ልብ አላችሁ? ዐረፍተ ነገሩ የተጠቀመውን ሰው ስም ይጠራል እንጂ የተነፈገውን አይጠራም። «ለእህቱ ልጅ አዳላ» ብዬ ብጨርስ ሰዋስዉ ሙሉ ነው፤ ሥራውን ያጣችው ሌላዋ አመልካች ግን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለችም። «በደለ» እና «ጎዳ» ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። በደላት፣ ጎዳት ስንል ተጎጂዋ ከግሱ ጋር ተጣብቃ ትመጣለች፤ የተጠቀመው ሰው ግን ይሰወራል።

ስለዚህ አንድ ድርጊት ሁለት ገጽ አለው፤ አማርኛችን ለእያንዳንዱ ገጽ የተለየ ግስ ሰጥቶታል። በአንድ በኩል ማዳላት፣ በሌላው በኩል መበደል። «አድሏዊ ውሳኔ» ስንል የምናሳየው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። «ጎጂ ውሳኔ» ስንል ሁለተኛውን። ሙሉውን ለማየት «ለማን አዳላ?» ካልን በኋላ «በማን ላይ?» ማለት አለብን። ሰው በዘመዱ ሥራ ሲገባ በአካባቢያችን «ምን አለበት፣ ወገኑን ረዳ» የሚባለው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ስለማይጠየቅ ነው። የተረዳው ወንድም ስም አለው፤ ያልተረዳው ሰው ስም የለውም። ስሙ ሲጠራ ደግነቱ ወዲያው በደል ይሆናል።

«አደላ» ምንም ክፋት የሌለበት አጠቃቀምም እንዳለው አትርሱ። ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ እንላለን። መንገዱ ወደ ግራ ያደላል፣ አየሩ ወደ ብርድ ያደላል እንላለን። ይህ መዘንበል ነው፤ ማንም አልተበደለም። ከዚህ አጠቃቀም የተወሰደ ሳይንሳዊ ትርጉምም አለ። አንድ ጣቢያ፣ የእኛን ጣቢያ በሉት፣ «የከተማው ነዋሪ ስለ ትራንስፖርት ምን ያስባል?» ብሎ ስልክ ለሚደውሉ አድማጮች ብቻ መስመር ቢከፍት የሚሰበስበው መልስ ያደላ ነው። ስልክ የሌለው፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያለው፣ ሬዲዮ የማይሰማው ሰው አልተጠየቀም። አዘጋጁ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ አሰባሰቡ ግን አድሏዊ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ቃሉ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ የሚያነጋግረው በዚህ ትርጉሙ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሴት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። አንዷ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ትማር የነበረችው፣ ቤተሰቦቿ ከጋና የሆኑት ጆይ ቡኦላምዊኒ ናት። ሁለተኛዋ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ትምኒት ገብሩ። የፈተሹት የሰውን ፊት በፎቶ አይተው «ይህ ወንድ ነው፣ ይህች ሴት ናት» የሚሉ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን ነበር። ሦስት ኩባንያዎች የሚሸጧቸውን ወሰዱ፤ ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤም እና የቻይናው ፌስ ፕላስ ፕላስ። ለመፈተኛ የሰበሰቡት የምክር ቤት አባላትን ፎቶ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋልና ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአውሮፓ ደግሞ ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን ነበር። በድምሩ 1,270 ሰዎች።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶችን በመለየት ረገድ ከሦስቱ ብዙ የተሳሳተው እንኳ ስሕተቱ ከመቶ 0.8 ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ሲደርስ ግን የአንዱ ሥርዓት ስሕተት እስከ 34.7 በመቶ ወጣ። ከሦስት ሴቶች አንዷን ወንድ ብሏታል ማለት ነው። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም፤ ጥቁር ሴት አይጠላም፤ ጉቦም አይበላም። እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ግን በተማረባቸው ፎቶዎች ውስጥ ነጭ ወንዶች ሲበዙ፣ ጥቁር ሴቶች ሲያንሱ፣ ያላየውን ፊት አያውቅም። «አድሏዊ» የሚለውን ቃል ለመሣሪያ መጠቀም ይቻላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው፤ ይቻላል። ሚዛን ይዟል፤ ሚዛኑም ወደ አንድ ጎን ያደላል። ሐሳቡ ንጹሕ መሆኑ ውጤቱን አያጸዳውም።

ከፎቶ ወደ ሕይወት ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በኮሮና ጊዜ ብዙዎቻችን የተዋወቅናት ጣት ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን በብርሃን ትለካለች። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ታትሞ የወጣ አንድ የሕክምና ጥናት፣ መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ የሚል ደህና ቁጥር ባሳየችበት ጊዜ ከደም ሥር በተቀዳ ደም የተገኘውን ትክክለኛ መጠን አመሳከረ። ኦክስጅኑ በእውነቱ ከ88 በመቶ በታች ወርዶ የተገኘው በነጭ ሕሙማን 3.6 በመቶ በሆነው ልኬት ላይ ሲሆን፣ በጥቁር ሕሙማን ግን 11.7 በመቶ በሆነው ላይ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃኑን በተለየ መንገድ ስለሚውጠው መሣሪያዋ ታሞ የተኛውን ሰው አንዳንዴ «ደህና ነህ» ትለዋለች። አድሏዊና ጎጂ የሚሉት ሁለት ቅጽሎች በአንድ ዕቃ ላይ የተገናኙበት ምሳሌ ይህ ነው።

ኳሱንም ሳናነሳ አንለፍ። ዳኛ ለባለሜዳው ያዳላል የሚለው የተሸናፊ ሰበብ ብቻ ነው ወይ? በዚያው በ2020 የአውሮፓ ሊጎች በኮሮና ምክንያት ያለ ተመልካች ሲጫወቱ ተመራማሪዎች ያለፉትን ዓመታት መዝገብ ከባዶው ስታዲየም መዝገብ ጋር አስተያዩ። ቀድሞ እንግዳው ቡድን ከባለሜዳው ይልቅ ቢጫ ካርድ ይበዛበት ነበር፤ ተመልካቹ ሲቀር ልዩነቱ ጠበበ። የሕዝቡ ጩኸት ዳኛው ሳያውቀው እጁን ወደ ኪሱ ይሰደዋል ማለት ነው። ስለዚህ ደጋፊው አንዳንዴ እውነት አለው። ነገር ግን ይህን ያወቅነው በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት ተናደን ሳይሆን ብዙ ጨዋታ ተቆጥሮ ነው።

ወደ ሕጉ እንለፍ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ «ልዩነት ሳይደረግ» ይላል፤ በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ፣ በሀብት፣ በትውልድ እያለም ምክንያቶቹን ይዘረዝራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሁሉም ልዩነት አድልዎ ነው ወይ? አይደለም። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ለዘመናት ከደረሰባቸው የበታችነት የተነሣ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም ለሥራ የተወዳደረ አካል ጉዳተኛ ያገኘው ነጥብ ከሌሎቹ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ይሰጠው ይላል። ይህን «አድሏዊ ሕግ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሚዛኑ ቀድሞ ተዛብቶ ከሆነ ያንን ማቃናት ማዳላት አይደለም። ደረጃ ብቻ ያለው ባለ አራት ፎቅ መሥሪያ ቤት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ደረጃ አቅርቧል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን በሩን ዘግቷል። ለሁሉም እኩል የሆነ ደረጃ፣ አድሏዊ ሕንፃ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ማስገደዱም ስለዚህ ነበር። በየከተማው ስንቱ ሕንፃ ይህን እንደሚያሟላ እናንተው የምታዩት ነው።

እንግዲህ መለያው ምንድን ነው? ልዩነቱ ከተያዘው ጉዳይ ጋር የሚገናኝ ምክንያት አለው ወይ የሚለው ነው። አሽከርካሪ ሲቀጠር መንጃ ፈቃድ ያለውን ከሌለው መለየት ተገቢ ነው፤ ሥራው ይጠይቀዋል። ያንኑ አሽከርካሪ በሃይማኖቱ ወይም በአባቱ አገር መለየት አድልዎ ነው፤ መሪው ሃይማኖት አይጠይቅም።

የፍርድ ቤቱ ሥርዓት በዚህ በኩል ከሁላችንም ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ዳኛው ከአንዱ ተከራካሪ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው፣ ቀድሞ በዚያው ጉዳይ የአንዱ ጠበቃ ከነበረ፣ ወይም ራሱ ከተከራካሪው ጋር ሌላ ሙግት ካለው ከችሎት እንዲነሣ ይጠየቃል። ዳኛው በእርግጥ እንዳዳላ ማስረዳት አይጠበቅም። ሊያዳላ የሚችልበት ሁኔታ መኖሩ ይበቃል። ምክንያቱን አባቶቻችን ከሕግ መምህራን በፊት አውቀውታል፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላሉ። በቅሎን ያህል ሀብት አጥቶ ዝም የሚል ሰው በአንዲት ጭብጦ የሚንገበገበው ሚዛኑን ስላላመነው ነው።

ይህ ተረት «አድሏዊ» እና «ጎጂ» የሚለያዩበትንም ቦታ ያሳያል። ጎጂ የሚለው ቅጽል ጉዳቱ እንዲታይ ይፈልጋል፤ የጠፋ ገንዘብ፣ የታመመ አካል፣ የተበላሸ ሰብል። አድሏዊ ለመባል ግን ሚዛኑ መዛባቱ ይበቃል፤ የጎደለው ነገር ጭብጦ ቢያህልም። ሁለቱን ማቀያየር ያሳስታል። የሁለት ወንድማማቾች ርስት በሕግና በማስረጃ ተከፍሎ አንዱ ትንሽ ቢደርሰው ውሳኔው ጎድቶት ይሆናል፤ አድሏዊ ለማለት ግን ገና ነው። በተቃራኒው ወረፋ ጥሶ የገባ ዘመድ ከኋላው ያለውን ሰው አምስት ደቂቃ ብቻ አስጠብቆት ይሆናል፤ ጉዳቱ ኢምንት ነው፤ አሠራሩ ግን ያለ ጥርጥር አድሏዊ ነው።

«አድሏዊ»ን የሚቃረኑ ቃላትን በተመለከተ ቶሎ ልለፍ። «ገለልተኛ» ማለት ከሁለቱም ወገን የራቀ ነው። «ሚዛናዊ» ማለት ሁለቱንም የሰማና የመዘነ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በዳይንና ተበዳይን ከሰማ በኋላ «እናንተው ጨርሱት» ብሎ የሚነሣ ሽማግሌ ገለልተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛናዊ ግን አልሆነም፤ ጉልበተኛውን ጠቅሞ ሄዷልና።

አድማጮቻችን፤ ቃሉን ለክርክር ሳይሆን ለመብታችሁ የምትጠቀሙበት ቀን ይመጣል። ያኔ «አሠራሩ አድሏዊ ነው» የሚል ማመልከቻ ጽፋችሁ አታስገቡ፤ መዝገብ ቤት ይተኛል። ሚዛኑን የያዘው ማን እንደነበረ ጻፉ። ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ሁኔታ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ለእሱ ምን እንደተሰጠ፣ እናንተ ምን እንደተነፈጋችሁ ጻፉ። ማስታወቂያው ምን መስፈርት እንደጠየቀና በኋላ የተሠራበት መስፈርት ምን እንደነበረ አስተያዩ። ቀን ጥቀሱ፣ ወረቀት አያይዙ። ይህን ሁሉ ከጻፋችሁ «አድሏዊ» የሚለውን ቃል ብትተዉት እንኳ አንባቢው ራሱ ይለዋል።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለተፈጸመ የአስተዳደር በደል የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የሰብዓዊ መብት ጥሰት ሲሆን ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች የተቋቋሙ ናቸው። አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም ይቀበላሉ፤ ክፍያ የለውም።